ሁለት ደቂቃ ወይስ ስድስት ሰዓት? የተራ ወታደር ጆርጅ ፕራይስ ሕይወትና አሟሟት

የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን የሚያተኩረው በአንድ ካናዳዊ ተራ ወታደር ሕይወትና አሟሟት ላይ ነው። ለመግባባት ያህል ዓመታቱንና ቀናቱን በአውሮፓውያን፣ ሰዓቱን ግን በእኛ አቆጣጠር እጠራለሁ። ወታደሩ ጆርጅ ሎውረንስ ፕራይስ ይባላል። ኖቬምበር 11 ቀን 1918 የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተኩስ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ሊቆም 2 ደቂቃ ሲቀረው፣ ቤልጂየም ውስጥ ቪል ሱር ኤን በምትባል መንደር በጥይት ተመትቶ ሞተ። 26ኛ ዓመቱን ሊደፍን አንድ ወር ያህል ቀርቶት ነበር። በዚያ ጦርነት በውጊያ ላይ ከወደቁት የካናዳና የብሪታንያ ግዛቶች ወታደሮች ሁሉ የመጨረሻው እሱ እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። ስሙ ዛሬ ድረስ የሚነሳውም በነዚያ 2 ደቂቃዎች ምክንያት ነው። እኔ ግን በዚህ ዝግጅት ልሞግት የምፈልገው 2ቱ ደቂቃዎች ትኩረታችንን ያለ ቦታው ወስደውታል ብዬ ነው። የፕራይስን ሞት በትክክል ለመረዳት ከ2 ደቂቃው ይልቅ የተኩስ አቁም ስምምነቱ በተፈረመበትና ተኩሱ በቆመበት ጊዜ መካከል ያሉትን 6 ሰዓታት፣ ከዚያም አልፎ እሱን እዚያ መንደር ድረስ ያመጡትን የሰው ውሳኔዎች መመርመር ያስፈልጋል።

ከሕይወቱ እንጀምር። ፕራይስ የተወለደው ዲሴምበር 15 ቀን 1892 በካናዳ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በኖቫ ስኮሺያ አውራጃ፣ ፋልመዝ በተባለች የገጠር ከተማ ነው። ያደገውም እዚያው አካባቢ፣ ፖርት ዊልያምስ ነው። ለአቅመ አዳም ከደረሰ በኋላ ብዙ የዘመኑ ወጣቶች እንዳደረጉት አገሩን አቋርጦ ወደ ምዕራብ ተጓዘና በሳስካቸዋን አውራጃ ሙስ ጆ በምትባል ከተማ ኑሮውን መሠረተ። ሙስ ጆ ያን ጊዜ በባቡር ሐዲድና በስንዴ የቆመች፣ ሥራ ፈላጊ ከየአቅጣጫው የሚጎርፍባት ከተማ ነበረች። ከዚህ በላይ ስለ ልጅነቱና ስለ ወጣትነቱ ብዙ የሚነገር ነገር የለም፤ ይህም ራሱ ትርጉም አለው። ጄኔራሎቹ ማስታወሻ ጽፈዋል፣ ሐውልት ቆሞላቸዋል፣ ሐሳባቸውን የሚተነትኑ መጻሕፍት መደርደሪያ ሞልተዋል። ተራው ወታደር የሚተርፈው ግን በመዝገብ ላይ ነው፤ የተመዘገበበት ቀን፣ የተመደበበት ክፍል፣ የሞተበት ቦታ። ስለዚህ የፕራይስን ሕይወት መናገር የፈለገ ሰው በዙሪያው የነበሩትን ውሳኔዎች ከመናገር ሌላ መንገድ የለውም። በወሬ ብዛት ክፍተቱን ልሙላ ቢል ልብ ወለድ ይጽፋል እንጂ ታሪክ አይጽፍም።

የመጀመሪያው ውሳኔ የመንግሥቱ ነው። ካናዳ በ1914 ወደ ጦርነቱ የገባችው ብሪታንያ ስለገባች ነው፤ የራሷን የውጭ ጉዳይ በራሷ የምትወስን አገር ገና አልነበረችም። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የዘመተው ሁሉ ወዶ ዘማች ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሮበርት ቦርደን በ1916 መባቻ ላይ 500,000 ወታደር እናሰልፋለን ብለው ቃል ገቡ፤ የአገሪቱ ሕዝብ በጠቅላላ 8 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ቃሉ ከባድ ነበር፣ ጦርነቱ ደግሞ ሰው እየበላ ሄደ። በኤፕሪል 1917 የቪሚን ኮረብታ ለመያዝ በተደረገው የ4 ቀን ውጊያ ብቻ ከ10,000 በላይ ካናዳውያን ሞተዋል ወይም ቆስለዋል። የሞቱትና የቆሰሉት በበዙ መጠን ወዶ የሚመዘገበው እያነሰ መጣ፤ በዚያው ዓመት በኦገስት ወር የግዴታ ውትድርና አዋጅ ወጣ። አዋጁ በቅድሚያ የጠራው ከ20 እስከ 34 ዓመት ያሉትን፣ ሚስት የሌላቸውን ወይም ሚስት የሞተችባቸውንና ልጅ የሌላቸውን ወንዶች ነው። ከተመዘገቡት ከ400,000 የሚበልጡ ሰዎች ውስጥ 380,000 ያህሉ ከግዳጁ ነፃ እንድንሆን ይፈቀድልን ብለው አመለከቱ። በ1918 የፋሲካ ሰሞን ኩቤክ ከተማ ላይ በአዋጁ ምክንያት ሁከት ተነስቶ ወታደሮች በሕዝብ ላይ ተኩሰው 4 ሰዎች ተገደሉ። ፕራይስ በኦክቶበር 1917 የተመዘገበው በዚህ አዋጅ ነው። በአዋጁ ተመልምለው ጦርነቱ ሳያልቅ ፈረንሳይ ከደረሱት 24,000 ገደማ ሰዎች አንዱ እሱ ነው።

ይህን አስረግጬ የምናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። የወደቁ ወታደሮች ሲታወሱ «ሕይወቱን ለአገሩ ሰጠ» የሚል አነጋገር ይዘወተራል። ስለ ወዶ ዘማቹ ይህ አነጋገር ልክ ሊሆን ይችላል። ስለ ፕራይስ ግን ግማሽ እውነት ነው፤ ሕይወቱ በሕግ ተጠይቋል። ይህን ማለት ክብሩን መቀነስ እንዳይመስላችሁ። ተገዶ የሄደ ሰው ከሄደ በኋላ ግዳጁን መወጣቱ ወዶ ከሄደው ያላነሰ ነገር ይጠይቃል። ነገር ግን ማን እንደጠየቀው ካልተናገርን፣ ጦርነቱ በሁሉም ፈቃድ የተካሄደ ይመስላል፤ ያ ደግሞ ከ380,000 ማመልከቻዎች ጋር አይጣጣምም።

ፕራይስ የተመደበው በ2ኛው የካናዳ ክፍለ ጦር ሥር በነበረው በ28ኛው ሻለቃ ነው። ሻለቃው «ሰሜን ምዕራብ» እየተባለ ይጠራ ነበር፤ ብዙ ወታደሮቹም የመጡት ፕራይስ ኑሮውን ከመሠረተበት ከዚያው ከካናዳ ምዕራባዊ ሜዳ ነው። ይህ ሻለቃ በ1918 መጨረሻ የተካፈለበት ዘመቻ በታሪክ «የመቶ ቀናቱ ዘመቻ» ይባላል። ኦገስት 8 ቀን አሚየን አጠገብ የተጀመረው ማጥቃት አራስን፣ የሰሜኑን ቦይና ካምብሬን አልፎ፣ በኖቬምበር መጀመሪያ ቫለንሲየንን ይዞ፣ በመጨረሻ የቤልጂየም ከተማ እስከሆነችው ሞንስ ዘለቀ። ድል በድል ላይ የተደራረበበት ዘመቻ ነበር፤ ዋጋው ግን ከ45,000 በላይ ካናዳውያን ሙታንና ቁስለኞች ነው። በምሽግ ውስጥ ለዓመታት ተፋጦ የቆየው ጦር አሁን ሜዳ ላይ ወጥቶ ወደ ኋላ የሚያፈገፍግ ጠላት ያሳድዳል፤ ጠላትም እያፈገፈገ በየመንደሩና በየቦዩ ዳር መትረየስ እየተከለ ያዘገየዋል። የፕራይስ የመጨረሻ ቀን የዚህ ዓይነቱ ውጊያ አንድ ቁራጭ ናት።

አሁን ወደ 6ቱ ሰዓታት እንምጣ። የጀርመን ልዑካን በኖቬምበር 8 ማለዳ ኮምፒየን ጫካ ውስጥ በቆመ ባቡር ፉርጎ ከተባባሪዎቹ መንግሥታት የበላይ አዛዥ ከማርሻል ፈርዲናንድ ፎሽ ጋር ተገናኙ። የልዑካኑ መሪ ማቲያስ ኤርዝበርገር ድርድሩ እየተካሄደ ሳለ ተኩሱ ወዲያው እንዲቆም ጠየቁ። ፎሽ እምቢ አሉ፤ ውሉን ለመቀበል ወይም ላለመቀበል 72 ሰዓት ሰጧቸው፣ እስከዚያው ውጊያው ይቀጥላል አሉ። ስምምነቱ የተፈረመው ኖቬምበር 11 ቀን ከንጋቱ 11 ሰዓት አካባቢ ነው። የሚጸናው ግን ከ6 ሰዓት በኋላ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ እንዲሆን ተወሰነ። ፎሽ ለአዛዦቻቸው ባስተላለፉት መልእክት ውስጥ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ አለ። ተኩስ በተባለው ሰዓት ይቆማል፤ ጦሩም በዚያ ሰዓት ከደረሰበት መስመር አልፎ አይሄድም ይላል። እንግዲህ አንድ አዛዥ ይህን ትእዛዝ ሲያነብ ሁለት ነገር ይረዳል። አንደኛ ጦርነቱ አልቋል። ሁለተኛ ደግሞ እስከ 5 ሰዓት የሚይዘው መሬት በእጁ ይቆያል፤ ተኩሱ እንደገና ቢጀመር የተሻለውን ቦታ፣ ድልድዩን፣ የቦዩን ማዶ የያዘው ይጠቀማል። ሰላምን የሚያበስረው ወረቀት ራሱ ወደፊት ለመግፋት ምክንያት ሆኖ ተገኘ።

ዜናው ወደ ካናዳ ኮር ጠቅላይ መምሪያ የደረሰው ከማለዳው 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ከዚያ ወደ ክፍለ ጦር፣ ወደ ብርጌድ፣ ወደ ሻለቃ፣ በስልክም በመልእክተኛም እየተንቆረቆረ ወረደ። የ28ኛው ሻለቃ ወታደሮች በዚያች ጠዋት ከሞንስ በስተምሥራቅ በሚገኘው በማዕከላዊው ቦይ በኩል ወደ አቭሬ አቅጣጫ ይገፉ ነበር። ፕራይስ ከጥቂት ጓዶቹ ጋር ከቦዩ ወዲህ ቆሞ ማዶ ያሉትን የቪል ሱር ኤን ቤቶች ያያል። የቡድኑ አባል የነበረው አርት ጉድመርፊ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደተረከው፣ በቤቶቹ ግድግዳ ላይ ጡቦች ተነቅለው ቀዳዳ ተከፍቶ ነበር። ጡብ የተነቀለበት ግድግዳ ለወታደር ዓይን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የመትረየስ አፈሙዝ የሚወጣበት መስኮት። ቡድኑ ሄዶ ለማጣራት ወሰነና ድልድዩን ተሻገረ፤ መትረየሱም ተኮሰባቸው። ወደ መጀመሪያው ቤት ሲገቡ ጀርመኖቹ በጓሮ በር ወጥተው ሄደዋል። ወደ ሁለተኛው ቢገቡ እዚያም ማንም የለም። ፕራይስ ከቤቱ ወደ መንገዱ ሲወጣ የአንድ አልሞ ተኳሽ ጥይት ደረቱን መታው። ጓዶቹ ጎትተው ወደ ቤት አስገቡት፤ አንዲት ወጣት ቤልጂየማዊት ልትረዳው መንገዱን በሩጫ አቋርጣ መጣች። ምንም ማድረግ አልተቻለም፤ ለ5 ሰዓት 2 ደቂቃ ሲቀር አረፈ።

ይህን ታሪክ የሰማ ሰው የመጀመሪያ ስሜቱ «የአርባ ቀን ዕድሉ ሆኖ ነው» ማለት ነው። ትንሽ ቢዘገይ፣ ከቤት ባይወጣ፣ ተኳሹ ቢስት፣ ሰዓቱ ትንሽ ቢፈጥን፣ ይተርፍ ነበር። በእኛም ዘንድ ሆነ በሌላው ዓለም እንዲህ ዓይነት ሞት ሲገጥም ዕድልን መጥራት ያጽናናል፤ ለሐዘንተኛም መጽናኛ ሊነፈገው አይገባም። ለታሪክ ትምህርት ግን ዕድል የሚባለው መልስ ጥያቄውን ይዘጋዋል። ጥይቱ የት እንዳረፈ ዕድል ሊባል ይችላል። በዚያ ረፋድ በዚያ መንደር ጥይት መተኮሱ ግን ዕድል አይደለም። ለጠዋቱ ግፊት ትእዛዝ ያወጣ አለ፣ ተኩሱ በ5 ሰዓት እንጂ በ2 ሰዓት እንዳይቆም የወሰነ አለ፣ ከ3 ቀን በፊት የቀረበውን የተኩስ አቁም ጥያቄ ያልተቀበለ አለ፣ ከሙስ ጆ ድረስ ሰው የጠራ አዋጅ አለ። እነዚህ ሁሉ ስም፣ ቀንና ፊርማ ያላቸው ሥራዎች ናቸው። የ2 ደቂቃው ታሪክ ደጋግሞ ሲነገር እነዚህ ከዓይን ይሰወራሉ፤ የቀረው የሚያሳዝን ገጠመኝ ብቻ ይሆናል።

ለዚህ ሐሳብ የሚቀርቡ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላልም አይደሉም። የመጀመሪያው ስለ 6ቱ ሰዓታት አስፈላጊነት ነው። በ1918 ከስዊዘርላንድ ድንበር እስከ ሰሜን ባሕር የተዘረጋ ግንባር ነበር። የጦር ሜዳ ሬዲዮ በየሻለቃው አልነበረም፤ የስልክ ሽቦ በመድፍ ይበጠሳል፣ ከሻለቃ በታች መልእክት የሚያደርሰው በእግሩ የሚሮጥ ሰው ነው። ተኩስ አቁሙ በተፈረመበት ደቂቃ ይጽና ቢባል፣ አንዱ ሰምቶ መሣሪያውን ሲያወርድ ሌላው ሳይሰማ ይተኩስበታል፤ ስምምነቱም ገና ከጅምሩ ይፈርሳል። ይህ ክርክር ትክክል ነው፤ እኔም እቀበለዋለሁ። ነገር ግን የሚያስረዳው ለምን የተወሰነ ጊዜ እንዳስፈለገ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ለምን ወደፊት መግፋት እንዳስፈለገ አያስረዳም። መልእክቱ የደረሰው አዛዥ ወታደሩን ባለበት መከታ ይዞ እንዲጠብቅ ማድረግ ይችል ነበር፤ እንዲህ ያደረጉም ነበሩ። ሌሎች ግን ቀጠሉ። የአሜሪካ 89ኛ ክፍለ ጦር አዛዥ ዊልያም ራይት ተኩስ አቁሙን እያወቁ ስቴኔ የተባለችውን ከተማ እንዲያዝ አዘዙ፤ ከምክንያቶቻቸው አንዱ ወታደሮቻቸው ገላቸውን የሚታጠቡበት ቦታ እዚያ መኖሩ ነበር፤ ለዚህም ከ300 በላይ ሰው ሞቶባቸዋል ወይም ቆስሎባቸዋል። ያው አንድ የሰዓት ገደብ በአንዱ ዘንድ መጠለያ፣ በሌላው ዘንድ የማጥቂያ ቀነ ገደብ ከሆነ፣ ልዩነቱ የመጣው ከአዛዦቹ ውሳኔ ነው እንጂ ከሽቦና ከመልእክተኛ እጥረት አይደለም። ከጦርነቱ በኋላ የአሜሪካ ምክር ቤትም ይህንኑ ጥያቄ አንስቶ የጦር መኮንኖችን ጠርቶ ጠይቋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ወደ ራሱ ወደ ፕራይስ ቡድን ያመለክታል። በጉድመርፊ ትረካ መሠረት ቦዩን ተሻግራችሁ ቤቶቹን ፈትሹ ብሎ ያዘዛቸው አልነበረም፤ በራሳቸው ተነሳሽነት ነው የሄዱት። ታዲያ ስለ ማርሻልና ስለ አዋጅ ማውራት ምን ያደርጋል? ይህን ተቃውሞ በቁም ነገር መውሰድ ያስፈልጋል፤ ወታደሮቹን ፈቃድና ማስተዋል እንደሌላቸው አሻንጉሊት ማየት ራሱ ንቀት ነውና። አዎ፣ መሻገሩን የመረጡት እነሱ ናቸው። ግን ምርጫቸውን ከቦታው ሆነን እናስብ። ፊት ለፊታቸው የተነቀለ ጡብ አለ፤ ከኋላቸው የሻለቃቸው ሰዎች አሉ፤ መትረየስ እዚያ ካለ ሰዎቹ ሜዳ ላይ ሲወጡ ያጭዳቸዋል። ለወራት የሠለጠኑትና የኖሩት እንዲህ ያለውን ምልክት አይቶ ዝም ላለማለት ነው። ምርጫቸው ምክንያታዊ የሚሆነው ግፊቱ እየቀጠለ ስለነበረ ነው፤ ጦሩ ባለበት እንዲቆም ታዝዞ ቢሆን ኖሮ የማዶው ቤት የነሱ ጉዳይ ባልሆነም ነበር። የበላይ ውሳኔ የበታቹን ምርጫ አይሰርዘውም፤ ምርጫው የሚደረግበትን መሬት ግን ይዘረጋል። ይኸው ስለ ተኳሹም ይሠራል። ስሙን ታሪክ ያልያዘው ያ ጀርመናዊም መሣሪያ ከያዘ ጠላት ፊት የቆመ ሰው ነበር፤ ሰዓቱ እስኪደርስ ድረስ እሱም በውጊያ ላይ ነው።

ሦስተኛው ከሁለተኛው ጋር ተቃራኒ ነው፤ ጥፋቱን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ ይከምራል። የካናዳ ኮር አዛዥ የነበሩት ጄኔራል አርተር ከሪ ለዝና ሲሉ በመጨረሻዎቹ ቀናት ሞንስን ለመያዝ ሰው አስጨርሰዋል የሚል ወሬ ከጦርነቱ ማግሥት ጀምሮ ይናፈስ ነበር። ሞንስ ተራ ከተማ አልነበረችም፤ የብሪታንያ ጦር በኦገስት 1914 የመጀመሪያውን ትልቅ ውጊያ አድርጎ ያፈገፈገው ከዚያ ስለሆነ፣ በመጨረሻው ቀን መልሶ መያዟ ትልቅ ትርጉም ይሰጠው ነበር። የቀድሞው የሚሊሻ ሚኒስትር ሳም ሂዩዝ በ1919 ይህን ክስ በምክር ቤት አነሱት። በ1927 ደግሞ በኦንታሪዮ ፖርት ሆፕ ከተማ የሚታተም አንድ ትንሽ ጋዜጣ መልሶ ጻፈው። ከሪ ያን ጊዜ የመጊል ዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ነበሩ፤ የ50,000 ዶላር ካሳ ጠይቀው ጋዜጣውን በስም ማጥፋት ከሰሱ። ኮበርግ ከተማ በ1928 የተሰየመው ችሎት ጦርነቱን እንደገና እንደመዋጋት ያህል ነበር፤ መኮንኖችና ወታደሮች እየቀረቡ የነዚያን ሰዓታት ትእዛዝ፣ እንቅስቃሴና ጉዳት መሰከሩ። ችሎቱ ለከሪ ፈረደ፤ ካሳው ግን 500 ዶላርና ወጪ ብቻ ሆነ።

ከዚህ ችሎት የምንማረው ብዙ ነው። ከሪ በሐሰት ተወንጅለዋል የሚለው ፍርድ በእኔ እምነት ትክክል ነው። ጠላትን ማሳደዱ የእሳቸው ብቻ ሐሳብ አልነበረም፤ ከላይ እስከ ፎሽ የሚደርስ ትእዛዝ ነበረ፤ በዚያ ጦርነት ከነበሩት አዛዦች መካከልም ውጊያን በጥንቃቄ በማቀድ የሚታወቁ ነበሩ። ነገር ግን ፍርድ ቤት የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ሰው በዚህ ክስ ጥፋተኛ ነው ወይስ አይደለም? ታሪክ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ማንም ሰው በግሉ ጨካኝ ሳይሆን፣ ሁሉም የተሰጠውን ሥራ እየሠራ፣ ጦርነቱ ማለቁ በተረጋገጠበት ሰዓት ሰው እንዲሞት ያደረገው አሠራር ምንድን ነው? ከሪን ነፃ ያወጣው ፍርድ ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ አልነካውም። ብዙዎች ግን ችሎቱ ሲዘጋ ጉዳዩም የተዘጋ መሰላቸው። ተጠያቂ ፍለጋ ወይ በዕድል ወይ በአንድ ወንጀለኛ ላይ ማረፍ ይቀናዋል፤ የፕራይስ ሞት በሁለቱም ላይ አያርፍም።

አራተኛው ተቃውሞ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ የሚያሳስብ ነው። በዚያ ጦርነት ከ61,000 በላይ ካናዳውያን ሞተዋል። ለምን አንዱን ነጥለን እናነሳለን? «የመጨረሻው» መሆኑ ምን ልዩ ያደርገዋል? እውነቱን ለመናገር ምንም አያደርገውም፤ ይህ ተቃውሞ የኔን ነጥብ ያጠናክራል እንጂ አያፈርሰውም። «የመጨረሻው» የሚለው ማዕረግ ራሱ ሲመረመር ይላላል። በዚያው ቀን አሜሪካዊው ሄንሪ ጉንተር ተኩስ ሊቆም 1 ደቂቃ ሲቀረው ተገደለ። ፈረንሳያዊው ኦጉስታን ትሬቡሾን፣ በሰላሙ ዘመን በግ ጠባቂ የነበረ የ40 ዓመት መልእክተኛ፣ ሩብ ሰዓት ገደማ ሲቀር ነው የወደቀው፤ ይዞት የነበረው መልእክት ወታደሩ ከተኩስ አቁሙ በኋላ የት ተሰብስቦ ሾርባ እንደሚበላ የሚገልጽ ነበር። በመቃብሩ ላይ የተጻፈው ቀን ግን ኖቬምበር 10 ነው፤ ፈረንሳይ በመጨረሻው ቀን የሞቱ ልጆቿን በቀዳሚው ቀን እንደሞቱ አድርጋ መዝግባቸዋለች። አሜሪካዊው ጸሐፊ ጆሴፍ ፐርሲኮ ባደረገው ስሌት በዚያ አንድ ቀን በምዕራቡ ግንባር ከሁሉም ወገን 2,738 ሰዎች ሞተዋል። ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላም ሞት አላቆመም። ቁስለኛው በሆስፒታል፣ ሌላውም በኢንፍሉዌንዛ ማለቁን ቀጠለ። ወረርሽኙ በካናዳ ብቻ 50,000 ያህል ሰው ፈጅቷል። በእኛ አቆጣጠር የፕራይስ ሞት ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. ላይ ይውላል፤ አዲስ አበባ «የኅዳር በሽታ» እያለች የምታስታውሰው እልቂትም በዚያው ወር የነበረ፣ የዚያው ወረርሽኝ አካል ነው። የብሪታንያና የግዛቶቿ የጦር መቃብር ኮሚሽን የጦርነቱን ሙታን የሚቆጥረው እስከ ኦገስት 31 ቀን 1921 ድረስ ነው። እንግዲህ ጦርነት በደወል አያልቅም። ፕራይስን የምናነሳው ከ61,000ው ስለሚበልጥ ሳይሆን፣ ለሌሎቹም የሚሠራው ጥያቄ በእሱ ላይ ጎልቶ ስለሚታይ ነው። በሌላው ቀን የሞተው ወታደር «ጦርነት ነው» ተብሎ ይታለፋል፤ በመጨረሻው ሰዓት ለሞተው ግን ያ መልስ አይበቃም።

የውሳኔው ሰንሰለት እስከ መቃብር ድረስ ይዘልቃል። የብሪታንያና የግዛቶቿ መንግሥታት የወደቀ ወታደር አስከሬን ወደ አገሩ እንዳይመለስ፣ በወደቀበት አገር እንዲቀበር፣ የመቃብር ድንጋዩም ጄኔራልም ተራ ወታደርም ሳይለይ አንድ ዓይነት እንዲሆን ወስነው ነበር። እኩልነቱ የሚያስመሰግን ነው፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን ልጃቸውን በአገራቸው አፈር መቅበር ያልተፈቀደላቸው ወላጆች ናቸው። ይህ የማይቀር ነገር እንዳልነበረ የእኛው ታሪክ ያሳያል። በ1950ዎቹ የኮሪያ ጦርነት ኢትዮጵያውያንና ካናዳውያን በአንድ የተባበሩት መንግሥታት ዓላማ ሥር ተሰልፈው ነበር፤ የቃኘው ሻለቃ ሙታን ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ አብዛኞቹ የካናዳ ሙታን እዚያው ቡሳን በሚገኘው መካነ መቃብር ቀርተዋል። ፕራይስ ዛሬ ያረፈው በሞንስ አጠገብ በቅዱስ ሴምፎርየን የጦር መቃብር ነው። መካነ መቃብሩን የመሠረቱት ጀርመኖች ናቸው፤ መሬቱን የሰጡት ቤልጂየማዊ ዣን ኡዞ ደ ልኤ የሁለቱም ወገን ሙታን በእኩል እንዲከበሩ አሳስበው ነበር። በ1914 ከብሪታንያ ወታደሮች ሁሉ ቀድሞ እንደተገደለ የሚታመነው ጆን ፓርና በመጨረሻው ቀን 3 ሰዓት ተኩል ላይ የወደቀው ሌላው የብሪታንያ ወታደር ጆርጅ ኤሊሰንም እዚያው፣ ትይዩ ለትይዩ ናቸው። በ1968 ደግሞ ከጦርነቱ የተረፉ የፕራይስ ጓዶች በ50ኛው ዓመት ወደ ቪል ሱር ኤን ተመልሰው በወደቀበት ቦታ አጠገብ ባለ ቤት ግድግዳ ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ አኖሩ። በ1991 መንደሯ በቦዩ ላይ የተሠራውን የእግረኛ ድልድይ በስሙ ጠራችው።

አድማጮቻችን፣ ከዚህ ሁሉ ምን እንያዝ? ፕራይስ ትምህርት ቤት ውስጥ ሲነሳ «በ2 ደቂቃ ያመለጠው ሰላም» ተብሎ ብቻ ቢቀርብ ተማሪው አዝኖ ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ የሚያውቀው ነገር አይኖርም። ከዚህ ይልቅ አራት ጥያቄዎች ቢቀርቡለት ብዙ ይማራል። ወታደሩን ማን ጠራው፣ በምን ሕግ? የተኩስ አቁም ጥያቄ መጀመሪያ መቼ ቀረበ፣ ማን ምን ብሎ መለሰው? በፊርማውና ተኩሱ በሚቆምበት ሰዓት መካከል ያለው ጊዜ ለምን አስፈለገ? በዚያ ጊዜ ውስጥስ ጦሩ ባለበት እንዲቆም ታዘዘ ወይስ እንዲገፋ ተተወ? እነዚህ ጥያቄዎች ለ1918 ብቻ የተበጁ አይደሉም። በዘመናችንም የተኩስ አቁም ስምምነት ተፈረመ ሲባል ዜናው የሚያተኩረው በፈራሚዎቹ ስምና በሚጸናበት ቀን ላይ ነው። በመካከል ስላለው ጊዜ የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ ወደፊት መግፋት ያኔ የተከለከለ ካልሆነ ደግሞ፣ መሬት የሚሻማ አዛዥና እሱን የሚታዘዝ ወጣት ሁልጊዜ ይገኛሉ። ስምምነት የሚያረቅቅ ሰው ከሰዓቱ ጋር «እስከዚያው ሁሉም ባለበት ይቁም» የሚል አንድ አንቀጽ ቢጨምር፣ የፕራይስን ታሪክ በትክክል አንብቧል ማለት ነው።